የሃያ አምስት ደቂቃ ወፍጮ

ድንጋይ ስንት ደቂቃ ቢፈጭ ነው ድንጋይነቱን የሚክደው? ኖኤላ ይህን ራሷን የጠየቀችው በምትሠራበት የድንጋይ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ ከወፍጮው ክዳን ላይ በጣቷ የጠረገችውን አመድማ አረንጓዴ ዱቄት እያየች ነው። መልሱን አላወቀችም። ዱቄቱ ግን ሞቅ ይላል። ከተፈጨ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ አሁንም የሰው ብብት ያህል ይሞቃል። ሙቀቱ አስጠላት። ጣቷን በሱሪዋ ልትጠርግ አሰበችና ትታው ወደ ቧንቧው ሄደች። ገንዳውም ቢሆን የሚያስታጥብ አይደለም፤ የስንት ዓመት የድንጋይ ጭቃ ከሳሙናና ከሩዝ ፍርፋሪ ጋር ተጋግሮ ጠርዙ ላይ ደርቋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት የፈረንሳይ ኑሮ በኋላ ወደ ተወለደችባት ደሴት ከተመለሰች አራት ወሯ ነው። እዚያ ሳለች የሚያስጠላት ብዙ ነበር፦ በየግብዣው ብርጭቆ ይዘው እየከበቧት "እስቲ ስለ አገርሽ ሰዎች ትንሽ ንገሪን" የሚሏት ባልደረቦቿ፣ የክረምቱ ጨለማ፣ የራሷ ትሁት ሳቅ። እዚህ መጥታ ደግሞ ሌላ ተተካ፦ ለኒኬል ሲባል ቆዳቸው የተገፈፈ ቀያይ ተራሮች፣ ከማቅለጫው የሚወጣው ጢስ፣ ዘመዶቿ ስመዋት ሲሄዱ ጉንጯ ላይ የሚቀረው ላብ። ክፋቱ ከነገሮቹ ይሁን ከራሷ አፍንጫ፣ መለየት ካቃታት ቆይቷል።

ሥራዋን ግን ትወደዋለች። የተፈጨ ድንጋይ በትንሽ ሳህን ላይ ተጠቅጥቆ ማሽኑ ውስጥ ይገባና ኤክስሬይ ይለቀቅበታል። በማዕድኑ ውስጥ አተሞች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ስለተቀመጡ፣ ጨረሩ ከየረድፉ ተመልሶ ጉልበት የሚያገኘው በተወሰኑ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው። በእነዚያ ማዕዘኖች ላይ ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚስለው መስመር ሹል ያወጣል። የረድፎቹ መራራቅ ከማዕድን ማዕድን ስለሚለያይ የአንዱ ሹሎች የሌላው አይሆኑም። ሰው ይዋሻል፣ የድንጋይም ቀለም ያታልላል፤ ሹል ግን አይዋሽም ብላ ታምን ነበር። ትሬሞላይት የሚባለው ማዕድን፣ አስቤስቶስ ተብለው ከሚፈሩት አንዱ፣ አሥር ተኩል ዲግሪ ላይ ነው የሚቆመው። እንቅልፍ ላይ ሆና ብትጠየቅም አትስተውም።

ያን ቀን ከመደርደሪያ ያወረደችው የሰሜኑን የድንጋይ ካባ የሦስት ዓመት ውጤት ነበር። ካባው ያለው ከእናቷ መንደር ከፖኔዎ በላይ ነው። ድንጋዩ ጸጉር እንደሚያበቅል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እንደ ሐር ክር እየተመዘዘ የሚወጣ ነጭ ጸጉር። ወረቀቶቹ ላይ ግን አሥር ተኩል ዲግሪ አካባቢ ሹል የለም። ያለው ጉብታ ነው፤ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል ያበጠ፣ ጫፍ የሌለው ጉብታ። አርባ ወረቀት፣ አርባ ጉብታ።

ፈጪው ሶሴፎ ከሌላ ደሴት፣ ከዋሊስ የመጣ ሰው ነው፤ በሩን ሞልቶ የሚገባ ግዙፍ። ፊቱ በዱቄት ነጥቷል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር።

"ሶሴፎ፣ ይህን ስንት ፈጨኸው?"

"የካባውን? ሃያ አምስት።"

"ሃያ አምስት ምን?"

"ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር!" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። "ደቂቃ ነዋ ዶክተር! ፈረንሳይ ደቂቃ የለም እንዴ?"

"የሌሎቹንስ?"

"ሁለት፤ ቢበዛ ሦስት። በአልኮል አርጥቤ። የዚህን ግን በደረቁ ነው። ትእዛዝ ነው፣ ይኸው።" ወፍጮው ጎን በፕላስተር የተለጠፈ፣ ቅባት የጠጣ ወረቀት አሳያት። የላቦራቶሪው ባለቤት የብሪዮ እጅ ጽሑፍ ነው፦ የሰሜን ካባ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ደረቅ።

"አፍህን የምትሸፍንበትስ የት አለ?"

"ያልበኛል፤ ጺሜንም ያበላሽብኛል። ጺም የሌላት ሴት ይሄ አይገባትም።" ሲስቅ ከንፈሩን ላሰ፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው ነጭ ነገር ምላሱ ላይ ሄደ። ኖኤላ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከጆንያው ውስጥ ያልተፈጨ ጠጠር ወሰደች። በራሷ እጅ፣ በድንጋይ ሙቀጫ፣ በአልኮል አርጥባ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ አደቀቀችው። ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ተቀመጠች። ክንዱ ቀስ እያለ ይዞራል፤ መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥር ተኩል ላይ ሲደርስ ሰማይ ነካ። ከዚያ ሃያ ስምንት ላይ ሌላ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ሌላ። ሚስማር የመሰሉ ሹሎች። ኖኤላ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የፈለገችውን ያገኘች ሰው ደስ ይላታል። እሷ ግን ወረቀቱን አጥፋ በቀጥታ ወደ ብሪዮ ቢሮ ሄደች።

ብሪዮን ያገኘችው ቢሮው ውስጥ ምሳውን ሲበላ ነው። የተጠበሰ ፓስታ ታጭቆበት ዘይቱ የሚንጠባጠብ ዳቦ በሁለት እጁ ይዟል።

"ሙሲዮ ብሪዮ፣ ወፍጮው ላይ ያለው ትእዛዝ እርስዎ የጻፉት ነው?"

"እርስዎ እርስዎ አትበይኝ አልኩሽ እኮ! እዚህ ደሴት ላይ ውሻውም ጳጳሱም አንተ ነው። ፈረንሳይ ነው ያበላሸሽ።"

"እሺ፤ አንተ የጻፍከው ነው?"

"በደንብ ያልተፈጨ ዱቄት ውጤቱ አያምርም። አላስተማሩሽም?"

"በደንብ መፍጨትና መግደል ይለያያል። ሃያ አምስት ደቂቃ በደረቁ ሲደበደብ ረድፎቹ ይፈርሳሉ። የፈረሰ ረድፍ ሹል አይሠራም። ማሽኑ አያየውም።" ወረቀቷን ፊቱ ዘረጋች። "ይኸው በአንድ ደቂቃ የወጣው። የምንፈጨው ደግሞ ማንኪያ ሙሉ ብቻ ነው፤ ከካባው ወጥቶ መንደር ላይ የሚደፋውን ኮረት ማንም አልፈጨውም። ሳንባ የሚወጋው መርፌ እንዳለ ነው።"

ብሪዮ ሹሉን በዘይታም ጣቱ ነካው። ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ክብ ሠርቶ ተስፋፋ።

"ሕጉ ላይ ስለ ደቂቃ የተጻፈ ነገር አሳዪኝ።"

ኖኤላ ሕጉን አገላብጣዋለች። የለም። ፈልጋለች፤ የለም።

"አየሽ? ማሽኑ ያየውን ነው የምንጽፈው። ማሽኑ ዋሸ?"

"ዓይኑን አጥፍተህ ምን አየህ ብትለው ምን ይበልህ?"

ሳቀ። ጥርሱ መሃል የፓስታ ጭራ ተሰንቅሯል። "ደግሞ ለማን ነው የምትጮኪው? ለዘመዶችሽ? ኮረቱን ከካባው የሚያወርደው የአጎትሽ የዱዊ መኪና ነው። እኔ በወጉ ጨርቅ ይዤ ሄጄ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አንገቴን ደፍቼ ነው የተነጋገርኩት። አንቺ አራት ወርሽ ነው እቴ፤ እኔ እዚህ አራተኛ ትውልዴ ነው። ሂጂና ጠይቂያቸው፤ በጣም ነው ደስ ያላቸው። በተለይ ባንቺ።"

በተለይ ባንቺ ያለው አልገባትም። ከቢሮው ስትወጣ የእጁ ዘይት ከወረቀቱ ወደ መዳፏ ተላልፎ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ተነስታ አምስት ሰዓት ሙሉ ነዳች። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ላይ የማዕድን መኪኖች አልበዙም። መኪናዋ ውስጥ ለወጉ የሚሆን ሦስት ክንድ አበባማ ጨርቅ፣ አንድ ጥቅል ትምባሆና አንድ የሺህ ፍራንክ ኖት አለ። ወግ ሳያደርሱ አፍ አይከፈትም፤ በዚያ ላይ የእናት ወንድም ፊት። ዱዊ እሷ ስትወለድ ጆሮዋ ላይ እፍ ብለው እስትንፋስ የሰጧት ሰው ናቸው። የሥጋ አባት ስም ይሰጣል፤ ሕይወቱ ግን የአጎት ነው ይባላል፤ ለዚህም ነው ሰው ሲሞት መርዶው መጀመሪያ ለአጎቶቹ የሚነገረው።

ፖኔዎ ስትደርስ በትልቁ ጎጆ ዙሪያ ያለው ሜዳ ተቀይሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአዲሱ ቦዬ በዓል ነው፤ ከሦስት ጎሳዎች ተቆፍሮ የሚመጣው የቦዬ ሥር የሚከመረው እዚያ ነው። ድሮ ሣር ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ኮረት ፈስሶበት በፀሐይ ያብረቀርቃል። ሴቶቹ በኮኮናት ዝንጥል መጥረጊያ እየጠረጉ ነው፤ ነጭ አቧራ እስከ ጉልበታቸው ይነሳል። ሌሎቹ ምንጣፍ ዘርግተው የጎደሬ ቅጠል ይለቅማሉ። ልጆቹ ከድንጋዩ ላይ ነጩን ጸጉር እየነጩ፣ በምራቃቸው እያራሱ፣ አገጫቸው ላይ ይለጥፋሉ። "ሽማግሌ ሆንኩ! ጸጥ በሉ፣ ሽማግሌ ሊናገር ነው!"

ኖኤላ ከመኪናው ወርዳ ሮጠችና የአንዷን ልጅ ጺም ከአገጯ ነቅላ ጣለችው። ልጅቷ አለቀሰች። ሴቶቹ ሳቁ።

"ፈረንሳይዋ መጣች! የልጅ መጫወቻ ቀምታ መጣች!" አለች የእናቷ የአጎት ልጅ። "ነይ ተቀመጪ እንጂ። ወይስ ምንጣፋችን ያሳክክሻል?"

"በደረቁ አትጥረጉት! ውሃ አርከፍክፉበት!"

"እሷ ታርከፍክፍ! እጇ ጤነኛ አይደል እንዴ?" ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ አቧራውም አብሮ።

እግሯን የት እንደምታሳርፍ ጠፍቷት በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። በጣቷ ጫፍ መርገጧ እንደሚታይ ታውቃለች። እሱም ራሱ አስጠላት።

ዱዊ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው። ኖኤላ ጨርቁን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፤ ትምባሆውንና ኖቱን ከላዩ አኖረች፤ አንገቷን ደፋች።

"አጎቴ፣ ይህች ትንሽ ነገር ደጃችሁን ለመርገጥና ቃል ለማሰማት ናት" አለች። ከዚያ ተናገረች። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ሃያ አምስት ደቂቃው፣ በዓይን ስለማይታየው መርፌ፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ስለሚነሳው በሽታ። በእናቷ ቋንቋ እየተንተባተበች ቢሆንም ጨረሰች።

ዱዊ ጨርቁን አላነሱትም።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በእንጨት ፍሬም የተሠራ ባለ መስታወት ነገር ይዘው ወጡ። የቅዱሳን ሥዕል የሚሰቀልበት ዓይነት ፍሬም ነው። ውስጡ ያለው ግን የላቦራቶሪው ሪፖርት ነበር።

"አንብቢልኝ" አሉ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።"

"አጎቴ..."

"እዚህ ጋ ምን ይላል?"

"አስቤስቶስ አልተገኘም ይላል።"

"ከታች የተፈረመውስ ማን ነው?"

የራሷ ስም ነው። ከፊቱ ዶክተር የሚል ያለበት፤ ከጎኑ ፊርማዋ። የተጠማዘዘችው ጭራ ሳትቀር።

ትዝ አላት። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ብሪዮ አንድ ክምር ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮ፣ "ለወጉ ያህል ነው፤ ዶክተር ከመጣልን ወዲህ ሁሉንም ዶክተር ይፈርምበታል" አላት። አንዱንም አላነበበችም። ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ባሕር ልትወርድ ቸኩላለች። በዚያ ላይ ከስሟ ፊት የተጻፈችው ቃል ደስ ብላት ነበር። እያንዳንዱን ስትፈርም እስክሪብቶው የሚያሰማውን ድምፅ ወድዳው ነበር። አሁን ያቺን የተጠማዘዘች ጭራ በመስታወቱ ላይ በጣቷ ሸፈነቻት።

"ብሪዮ ጨርቁን ዘረጋና ይህን ከላዩ አኖረው" አሉ ዱዊ። "እኔ ያነሳሁት ጨርቁን መስሎሻል? ስምሽን ነው ያነሳሁት። የማዶው ጎሳ ሽማግሌ ኮረቱ ሜዳው ላይ እንዳይፈስ እምቢ ብለው ነበር። ይህን የመሰለ ድንጋይ በእኛ በኩል መንግሥት ክፉ ነው ብሎ ለቅሞ ወስዶታል፣ አይሆንም ብለው ነበር። እኔ ተነሳሁ። የእህቴ ልጅ ባሕር ተሻግራ ተምራ መጥታ ለካችው አልኩ። በዚህ አፌ። ሦስት ጎሳ ሰማኝ።"

"ተሳስቼ ነው አጎቴ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።"

"ሳታነቢ?"

"ሳላነብ።"

ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

"እኔ ማንበብ የማልችለው ሰው" አሉ፣ "በየማታው አውርጄ አየው ነበር።"

"በዓሉ ላይ ልምጣና እኔው ልናገር። ጎሳዎቹ ፊት ቆሜ እኔ ነኝ የዋሸሁት ልበል።"

"አንቺ ተናገርሽ ማለት አጎቷ አፍ የለውም ማለት ነው። በእኔ አፍ የወጣ ቃል የሚመለሰው በእኔው አፍ ነው።"

"ታዲያ ይመልሱት!"

"ምን ይዤ? ያኔ ወረቀት ይዤ ነበር የተናገርኩት። አሁን ምን ልያዝ? ልጅቷ ሐሳቧን ቀየረች ልበል?" ጨርቁን በሁለት እጃቸው፣ ቀስ ብለው፣ ወደ እሷ ገፉት። "ያዢው። ይህን ካነሳሁ ያንን መጣል አለብኝ። ዛሬ አልችልም።"

ያልተነሳ ጨርቅ ያልተሰማ ቃል ነው። ኖኤላ ወግ ሲመለስባት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇን ዘርግታ መውሰድ ራሱ አሳፈራት።

ሳትበላ እንዳትሄድ ግን አዘዙ። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ድንጋይ ላይ የበሰለ ዓሣና ጎደሬ ከሜዳው መጣ፤ ቅጠሉ ተፈታ። ኖኤላ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተች። ጥርሷ መሃል የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። አሸዋ ሊሆን ይችላል፤ ጨውም ሊሆን ይችላል። ዱዊ ያዩዋታል። የአጎትን ምግብ መትፋት አይቻልም። ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

ሰኞ ሶሴፎን ይዛ ከወፍጮው ጓዳ ወጣችና በሩን ዘጋች። ከካባው የቀረውን ጠጠር በሙሉ አንድ በአንድ፣ አርጥባ፣ ለአንዳንድ ደቂቃ አደቀቀችው። አሥራ ሰባት ናሙና ነበር፤ ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አራቱ ላይ ሹሉ ቆመ። ሶሴፎ ትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ያያል።

"ይህቺ ናት ክፉዋ?" አላት።

"እሷ ናት። አንተ ስንት ዓመት ፈጨህ?"

"ስድስት።" ሌላ ጊዜ አንድ ቀልድ ይከተል ነበር። አልተከተለም። በእጁ ጀርባ ከንፈሩን ጠረገ፤ እጁን አየ፤ እንደገና ጠረገ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጽፋ ጨረሰች። በስሜ የወጡት የካባው ሪፖርቶች ሳላነብ የፈረምኳቸው ናቸው፤ ውጤታቸው ሐሰት ነው፤ እውነተኛው ይኸው፤ የአፈጫጨቱ ትእዛዝ ፎቶም ተያይዟል። ይህን ቃል በቃል ሦስት ጊዜ አነበበችና ፈረመች። አንዱን ቅጂ ለማዕድን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላከች፤ አንዱን ብሪዮ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

ብሪዮ እስከ መጨረሻው አነበበው። "ዶክተር ነኝ ብሎ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ማነው የሚቀጥረው?" አላት። ድምፁ የሚያዝን ይመስል ነበር። "ራስሽን ነው የፈጨሽው።"

"አውቃለሁ።"

"ነገ እንዳትመጪ።"

"አልመጣም።"

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን መለሰ፦ ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ይታያል። በዓሉ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ከስድሳ ቀን በፊት ያንን ሜዳ ባዶ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዱዊ።

ኖኤላ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። የአዲሱን ሪፖርት ፎቶ፣ ከነሹሉ፣ ከነፊርማዋ፣ ወደ አጎቷ ስልክ ላከች። ከዚያ በድምፅ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ካጠፋች በኋላ እንዲህ አለች፦

"አጎቴ፣ ኖኤላ ነኝ። ምን ይዤ ልናገር ብለውኝ ነበር። ይኸው ወረቀት። ይህኛውን አንብቤዋለሁ። በዓሉን ወደ ወንዙ ዳር ሜዳ ያዙሩት። እስከዚያ ሴቶቹ በደረቁ አይጥረጉ፤ ልጆቹም እዚያ አይጫወቱ። ጨርቁ አሁንም እኔ ጋ ነው። መቼ ይዤው እንደምመጣ ቀኑን ይንገሩኝ፤ በፈለጉት ቀን እመጣለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት መልእክቱ መደመጡን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ኖኤላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አኖረችው። ረቡዕ አለፈ፤ ሐሙስ አለፈ። ሰኞ ጨርቁን አጥባ፣ ተኩሳ፣ እንደገና አጠፈችው። የበዓሉ ቅዳሜ መጣ፤ ሄደ፤ በየትኛው ሜዳ እንደተከበረ የነገራት የለም። ከዱዊ መልስ አልመጣም።